የሒሳብ ፈተናው ከበዓል ጋር ገጠመ፤ እናንተ ዘንድ እንዴት ይደረጋል?

ጠያቂ፦ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት ነኝ፤ የማስተምረው ሳይንስ ነው። የማጠቃለያ ፈተና መርሐ ግብር ሰሞኑን ተለጥፎ ሳየው፣ የሒሳቡ ፈተና ዒድ አል ፊጥር ይውልበታል ተብሎ በሚጠበቀው ቀን ላይ አርፏል። ጨረቃዋ በዋዜማው ካልታየች በዓሉ በማግስቱ ይሆናል፤ በማግስቱ ደግሞ የቋንቋ ፈተና አለ። በየትኛውም ቢሄድ ከክፍሌ ልጆች የተወሰኑት ወይ በዓላቸውን ወይ ፈተናቸውን ሊተዉ ነው።

ጉዳዩን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳነሣ ያገኘሁት መልስ «ለአንዱ ከፈቀድን ነገ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመጣል» የሚል ነበር። ይህን ያሉት መምህር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለተማሪዎቻቸው ሲሉ እስከ ማታ የሚቆዩ ናቸው። መልሳቸው ግን አልተዋጠልኝም።

ያልተዋጠልኝ በየቀኑ በማየው ነገር ምክንያት ነው። በጾሙ ወር በምሳ ሰዓት የት እንደምትቀመጥ ማንም ያልነገራት አንዲት ተማሪ አለችኝ። ሌሎች በሚበሉበት አዳራሽ መቀመጥ ይከብዳታል፤ ሜዳው ፀሐይ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይቆለፋል። ስለዚህ ደረጃው ሥር ቦርሳዋን አቅፋ ትቀመጣለች፤ መምህር ሲያልፍ ያጠፋችው ነገር ያለ ይመስል ብድግ ትላለች። ሌላው፣ ቤተሰቡ ቅዳሜን በሰንበትነት የሚያከብር ልጅ ነው። የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ሲኖር አይመጣም፤ በስም መጥሪያው ላይ ከስሙ ትይዩ «ያለ ፈቃድ ቀሪ» የሚለው ምልክት ተደርድሯል። እናቱ የጻፉትን ወረቀት አጣጥፎ አሳንሶ ያመጣልኛል፤ ሲሰጠኝም ዓይኑን ይሰብራል። ለእምነቱ ብሎ የቀረ ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ኮበለለ መቆጠሩ ያንገበግበኛል።

ስለ ፈተናው ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። ደግሞም ቤተሰቦችን የማይገባ ነገር የጠየቅሁ ሳይመስል ምን እንደሚያስፈልጋቸው እንዴት ልወቅ? ለባልደረባዬስ ምን ብዬ ልመልስ?

ምላሽ፦ የቀድሞ ምክትል ርዕሰ መምህርት

እህቴ፣ በምክትል ርዕሰ መምህርነት ሳገለግል የፈተና ኮሚቴን የምመራው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ብዙ ተሟግቻለሁ። በቀን መቁጠሪያው እንጀምር፤ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሣው በዓልን እንደ ድንገተኛ እንግዳ ከመቁጠር ነው።

የእስልምና ዘመን አቆጣጠር ጨረቃን ስለሚከተል ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ነው። በዚህ የተነሣ ረመዳንና ሁለቱ ዒዶች በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ይቀድማሉ፤ ወቅቶችን ሁሉ ዞረው ለመመለስም 33 ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ የሚያጠራጥረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት አካባቢውን ማወቅ ይቻላል፤ መፍትሔው ደግሞ ሁለቱንም ቀን ከፈተና ነፃ አድርጎ መተው ነው። የአይሁድ በዓላትና ሰንበት የሚገቡት ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ፣ ዓርብ ማታ የሚደረግ የወላጆች ስብሰባ ወይም የሽልማት ዝግጅት እነዚያን ቤተሰቦች ይዘጋባቸዋል። የምሥራቆቹና የምዕራባውያኑ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካም አንዳንድ ዓመት እንደ እ.ኤ.አ. 2025 በአንድ እሑድ ይውላል፤ ሌላ ጊዜ እስከ አምስት ሳምንት ይራራቃል። ስለዚህ «የፋሲካ ዕረፍት ሰጥተናል» ማለት ለሁሉም ሰጥተናል ማለት አይደለም። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ኮሚቴው ከሚሰበሰብበት ጠረጴዛ በላይ እለጥፈው ነበር። የፈተናው ቀን የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። መርሐ ግብሩ ከወጣ በኋላ ለማስለወጥ መሟገት ግን፣ እርስዎ አሁን እንደሚያዩት፣ አድካሚ ነው።

ቤተሰቦችን ስለመጠየቅ። ሃይማኖት የሚሞላበት ሣጥን ያለው ቅጽ አይላኩ። ለሁሉም ወላጅ አንድ ዓይነት ክፍት ጥያቄ ይላኩ፤ «በዓመቱ ውስጥ ልጅዎ ከትምህርት የሚቀርበት ቀን፣ እንዲሁም ስለ ምግብ፣ ስለ አለባበስ ወይም ስለ ጸሎት ልናውቀው የሚገባ ነገር ካለ ይንገሩን» የሚል። ምክንያቱም አንድ እምነት ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች አንድ ዓይነት አይደሉም። በእስልምና ጾም ግዴታ የሚሆነው ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ነው፤ የታመመና መንገደኛ እንዲያፈጥር ይፈቀድለታል። ሆኖም ከግዴታው ዕድሜ በፊት ግማሽ ቀን የሚለማመዱ ልጆች አሉ፤ ሙሉውን የሚጾሙም አሉ። «አንቺ ገና ትንሽ ነሽ፣ ምን ያስጾምሻል» ማለት የመምህር ድርሻ አይደለም። «ጓደኞችሽ ይጾሙ የለም እንዴ፣ አንቺስ?» ማለትም እንዲሁ። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በወር አበባዋ ምክንያት የማትጾም ልጃገረድ፣ በሕመም የማይጾም ልጅ፣ ገና እያመነታ ያለ ልጅም በክፍልዎ ውስጥ አሉ፤ በሰው ፊት ማስረዳት እንዳይኖርባቸው መጠበቅ አለብን።

ስም መጥሪያውን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ለሃይማኖትና ለባህል በዓል፣ እንዲሁም ለሐዘን ሥርዓት የቀረ ልጅ የራሱ ምልክት ይኑረው፤ «በፈቃድ» ይባልለት። ቀጥሎም የዓመቱ መጨረሻ ሽልማት ላይ ይሂዱ። «አንድም ቀን ያልቀረ ተማሪ» የሚባል ሽልማት ካለ፣ ያ የቅዳሜው ልጅ ምንም ያህል ትጉህ ቢሆን መቼም አያገኘውም። እኔ ያንን ሽልማት ያስቀረሁት እንዲህ ያለ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ለሌሎች ሲያጨበጭብ አይቼ ነው።

ለደረጃው ሥሯ ልጅ ደግሞ ነገ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱን ያስከፍቱላት። ይህ የሚፈልገው ቁልፍና አንድ ፈቃደኛ መምህር ብቻ ነው። ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ የሚጾሙ ልጆች ክፍል ተብሎ እንዳይሰየም። የቀትር ሶላት ጊዜም ከቀትር አንሥቶ አስር የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት እስኪገባ ድረስ ሰፊ ነው፤ በምሳ ዕረፍት ይደርሳል፣ ክፍለ ጊዜ መውሰድ አያስፈልገውም። የዓርቡ የጁምዓ ሶላት ግን በጉባኤ የሚሰገድና ሰዓት ያለው ስለሆነ ከወላጆች ጋር በተናጠል መነጋገር ይፈልጋል።

ምላሽ፦ የሁለት ልጆች አባት

እኔ መምህር አይደለሁም፤ የወላጅን ወገን ልጨምር ብዬ ነው።

ቤተሰባችን የባሃኢ እምነት ተከታይ ነው። ከሥራና ከትምህርት የምንታቀብባቸው 9 በዓላት አሉን። በመጋቢት አካባቢ፣ ከአዲስ ዓመታችን በፊት፣ 19 ቀን ከፀሐይ መውጣት እስከ መጥለቅ እንጾማለን፤ ጾሙ የሚጀመረው ከ15 ዓመት ዕድሜ ነው። ይህን ለልጆቼ መምህራን በየዓመቱ፣ አንዳንዴም በየበዓሉ፣ በደብዳቤ አስረድቻለሁ። ትልቁ ልጄ 15 ዓመት ሲሞላው የላክሁትን ደብዳቤ አንድ መምህር በቅንነት፣ «ስለ ጓደኛችሁ እምነት እንማር» ብለው ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያም «ተነሥና አስረዳን» አሉት። ልጄ ዝምተኛ ነው፤ በትምህርት ነገር እንኳ ሰው ፊት ለመቆም ይቸገራል። በቀጣዩ በዓላችን ዋዜማ «አባዬ፣ እባክህ ደብዳቤ አትጻፍልኝ፣ አመመኝ እላለሁ» አለኝ።

መምህሩን አልወቅሳቸውም፤ ፍላጎታቸው መልካም ነበር። ነገር ግን ልጅ የሕዝቡ አምባሳደር አይደለም። እምነቱን ማስረዳት የፈለገ ልጅ ራሱ እጁን ያነሣል፤ ያኔ ጆሮ ይሰጠው። ያልፈለገ ግን በክፍሉ ውስጥ ሒሳብ እንደሚያጠና እንደ ማንኛውም ተማሪ ይታይ። ስለ አንድ እምነት ማስተማር ካስፈለገ አዋቂ ሰው ይጋበዝ፤ እኔ ብጠራ በደስታ እመጣ ነበር።

ምክትል ርዕሰ መምህርቷ የጠቀሱት ክፍት ጥያቄ ቢኖር ኖሮ በዓመት አንድ ጊዜ ጽፌ እገላገል ነበር። እንደኛ ስማቸው የማይታወቅ፣ ቁጥራቸው ያነሰ ቤተሰቦችን በእጅጉ የሚያደክመው በየጊዜው እንደ አዲስ መለመኑ ነው።

ምላሽ፦ የሒሳብ መምህር

እህቴ ሆይ፣ ፈተና የማወጣው እኔ ስለሆንኩ በተግባሩ በኩል ልናገር።

ፈተናውን ከበዓሉ ማራቅ ካልተቻለ ምትክ ፈተና ያስፈልጋል። የሚፈራው ጥያቄ መውጣቱ ነው፤ ፍርሃቱም እውነት ነው። ጥያቄው ስልክ ላይ ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም እጅ ይደርሳል። ስለዚህ ዋናውን ፈተና ሳወጣ በዚያው ቀን፣ ምዕራፎቹን በየክብደታቸው ካከፋፈልሁበት ከዚያው ሰንጠረዥ፣ ሁለተኛውንም አወጣለሁ። በአንደኛው የሦስት ማዕዘን ስፋት ከጠየቅሁ በሁለተኛው የትራፔዚየም አይሆንም፤ ሌላ ልኬት ያለው ሦስት ማዕዘን ነው። ሁለቱን አንድ ሌላ መምህር ሠርቶ ክብደታቸውን ያመዛዝናል። ሁለተኛውን ከበዓል በኋላ ካወጣሁት ግን ሳላውቀው ወይ ይከብዳል ወይ ይቀላል፤ ያኔ ቅሬታ ቢነሣ የምመልሰው የለኝም። ይህ ሁለተኛ ወረቀት የታመመውንም፣ ሐዘን የደረሰበትንም ያገለግላል፤ በከንቱ አይቀርም።

ቀኑንም ያስቡበት። ምትኩን በበዓሉ ማግስት በጠዋት አያድርጉት፤ ሌሊቱን ከዘመድ ጋር ያመሸ ልጅ ቀድሞ ከተፈተኑት ጋር እኩል አይቆምም። ልጁ ሌላ ፈተና ባለበት ቀን ላይም አይደርቡት።

ሁሉንም ጥያቄ እንቀበል ባይ ግን አይደለሁም። በዓል ስለሆነ ቀኑ ይለወጥልኝ የሚል ልጅ መብቱ ነው። ይህን ምዕራፍ አልማርም፣ በዚህም አልፈተንም የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን እኔ እምቢ እላለሁ፤ ጊዜውን እንጂ ትምህርቱን አልቀንስም። በዚህ የማይስማማ ይኖራል።

መልስ፦ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ከዛሬ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ተከፍቷል፤ ተማሪዬ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ገብታ መጽሐፍ ስታገላብጥ አየኋት። ጓደኞቿ ጾመኞች አይደሉም፤ ምሳቸውን ቶሎ በልተው ነው የመጡላት።

የአባትየው ጽሑፍ ግን ልቤን ነክቶታል። «ተነሥና አስረዳን» የሚለውን ቃል በኛም ትምህርት ቤት እሰማዋለሁ፤ ለባልደረቦቼ አነብላቸዋለሁ።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛው ስፖርት ነው፤ በጾም ወቅት ልጆቹን እናስቀምጣቸው ወይስ እናሠራቸው? ሁለተኛው ያው «ሁሉም ይመጣል» የሚለው ክርክር ነው፤ ርዕሰ መምህሩም ይህንኑ ደግመውልኛል።

ምላሽ፦ የስፖርት አሠልጣኝ

በጅምላ አታስቀምጧቸው። ጾመኞቹን ሁሉ አጥር ጥግ አሰልፎ ማስቀመጥ ቅጣት ይመስላል፤ ብዙዎቹም መንቀሳቀስ ይፈልጋሉ። እኔ በዚያ ወር የረጅም ርቀት ሩጫን ከዕቅዴ አወጣና ወደ ሌላ ወር አዛውረዋለሁ። በምትኩ ለክፍሉ ሁሉ የኳስ ቅብብል፣ የሚዛን እንቅስቃሴ፣ የዳኝነትና የሰዓት አያያዝ ትምህርት እሰጣለሁ። የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ወደ ጠዋት ማምጣት ከተቻለ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱም ጥማቱም ይበረታል።

የማዞር፣ የራስ ምታትና ግራ የመጋባት ምልክት ካየሁ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ውኃ አቀርባለሁ፤ ቤተሰብም ይጠራል። የሃይማኖቱ ሥርዓት ራሱ ለታመመ ሰው ማፍጠርን ስለሚፈቅድ ልጁ ኃጢአት የሠራ እንዳይመስለው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ካለ ግን ነገሩ ከአሠልጣኝ በላይ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ወላጅና ሐኪም ተነጋግረው የጻፉት ነገር በእጄ ካልገባ አላሰልፈውም።

ስለ አለባበስ «ለስፖርት አይመችም፣ ሕጉም አይፈቅድም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሂጃብና ጥምጥም በውድድር እንዲፈቀድ ወስኗል። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2017 የራስ መሸፈኛን ፈቅዷል። በመርፌ ቁልፍ ያልተያያዘ፣ አንገት ላይ የማይጠብቅ ይሁን እንጂ ሮጦ ግብ ማስቆጠርን አይከለክልም።

ምላሽ፦ የቀድሞ ምክትል ርዕሰ መምህርት

ለርዕሰ መምህሩ የሚሆን አንድ የፍርድ ታሪክ ልንገርዎት። በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ አንዲት ተማሪ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ የወርቅ ጌጥ አድርጋ መጣች። የደቡብ ሕንድ ታሚል ዝርያ ያላት የሂንዱ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ጌጡ ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ የሚደረግ የቤተሰቧ ወግ ነው። ትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ደንቡን ጠቅሶ፣ እናቲቱም ሲያስመዘግቧት እንደፈረሙ አስታውሶ ከለከለ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፍርድ ቤቱ ለልጅቷ ፈረደ። ያን ጊዜ ትምህርቷን ጨርሳ ወጥታለች፤ ፍርድ ቤቱ ግን ነገሩ ለሌሎች ልጆችም ይሆናል ብሎ አየው። ትምህርት ቤቱ ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ የእርስዎ ባልደረባ ያሉት ነበር፤ አንዷን ከፈቀድን ሌሎቹም ይመጣሉ የሚል። ፍርድ ቤቱ የመለሰው፣ ሌሎች ልጆች ይህን አይተው የየራሳቸውን እምነትና ባህል ለመግለጽ ከደፈሩ የሚፈራ ሳይሆን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው ብሎ ነው። ሃይማኖቱ ግዴታ ያላደረገው፣ ሰው በፈቃዱ የሚይዘው ወግም ጥበቃ እንደሚገባው ጨምሯል። ይህን ፍርድ በደንብ ያስነብቧቸው።

«ወሰኑ የት ነው?» ካሉ ደግሞ የካናዳው አለ። የሲክ እምነት ተከታይ የሆነ ተማሪ ኪርፓን የሚባለውን የእምነቱን ትንሽ ጩቤ መያዝ ይችላል ወይስ አይችልም ተብሎ ነበር ክርክሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ፈጽሞ መከልከሉን ሻረው። ከእንጨት በተሠራ አፎት ገብቶ፣ በጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶ፣ ከልብስ ሥር ከሆነ ይቻላል የሚለው መንገድ በቂ እንደሆነ ተቀበለ። እኔ ከዚህ የወሰድሁት፣ ወሰን ሲያስፈልግ ልጁን ከበር መመለስ የመጀመሪያው አማራጭ እንዳይሆን ነው፤ አስቀድሞ ቁጭ ብሎ «በምን ሁኔታ ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ሕግ አለ እንዳይሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንዳይለበስ ከልክላለች። የየአገሩን ሕግና የትምህርት ቤቱን ደንብ ማንበብ የግድ ነው። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለው ክልከላ ልጁን ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል ብዬ ስለማምን አልደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 14 የልጁን የእምነት ነፃነት፣ በአንቀጽ 30 ደግሞ የንዑሳን ማኅበረሰብ ልጆች ባህላቸውንና ሃይማኖታቸውን ከወገኖቻቸው ጋር የመኖር መብት አስፍሯል። አንቀጽ 12 ልጁ በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡ ይሰማ ይላል። ስለዚህ ወላጅን ሲጠይቁ ልጁንም ለብቻው ይጠይቁት።

መልስ፦ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ

ርዕሰ መምህሩ የፍርዱን ታሪክ ካስረዳኋቸው በኋላ የሁለቱንም ቀናት ፈተናዎች ወደ ሌሎች የትምህርት ቀናት ለማሸጋገር ተስማምተዋል። የሒሳብ መምህራችንም ሁለተኛውን ወረቀት ከአሁኑ እያዘጋጁ ነው። ለወላጆች የምልከውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እባካችሁ እዩልኝ።

«የተከበራችሁ ወላጆች፣ በዓመቱ ውስጥ ልጅዎ በሃይማኖት ወይም በባህል ምክንያት ከትምህርት የሚቀርባቸው ቀናት ካሉ፣ እንዲሁም ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ አለባበስና ስለ ምግብ ልናውቀው የሚገባ ነገር ካለ ይግለጹልን። የሚሰጡን መረጃ ለክፍል ኃላፊዋና ለፈተና ኮሚቴው ብቻ ይደርሳል፤ በክፍል ውስጥ አይነበብም። ጥያቄዎን የሚደግፍ ከእምነት ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ያያይዙ።»

ምላሽ፦ የሁለት ልጆች አባት

«በክፍል ውስጥ አይነበብም» ስላሉ ከልብ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ የቀድሞ ምክትል ርዕሰ መምህርት

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያውጧት። ባህላዊ ወግ ማኅተም የሚመታለት ተቋም የለውም፤ የአያት ሙት ዓመት የሚዘክር ቤተሰብ ከየት ያምጣ? የወላጅ ቃል ይበቃል። በምትኩ «በዓሉ በጨረቃ መታየት የሚወሰን ከሆነ ሊውል የሚችልባቸውን ሁለቱንም ቀናት ይጻፉልን» የሚል ይጨምሩበትና ቅጹን ከምዝገባ ወረቀቱ ጋር አብሮ እንዲሰጥ ለሬጅስትራር ያስረክቡት።

ለቅዳሜው ልጅም የቀደሙት ምልክቶች ይታረሙለት። ከመጪው ሴሚስተር ብቻ የሚጀምር ከሆነ እስካሁን ያለው በሪፖርት ካርዱ ላይ እንደ ታተመ ይቀራል።

መልስ፦ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ

አወጣኋት። ስም መጥሪያውን ዛሬ ከሰዓት ከጸሐፊዋ ጋር ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን እናርመዋለን፤ ለእናቱም ደውዬ ከእንግዲህ በየሳምንቱ ወረቀት መላክ እንደማያስፈልጋቸው እነግራቸዋለሁ።